ኮምፒውተር አልነካም ያለው ፎቶ አንሺ

«አንቺን ሰው ያደረገሽ እሱ ነው። አፈር ሲለብስ አለመገኘትሽ ነውር ነው» አሉኝ አቶ ወንድሙ፣ ፊት ለፊቴ ቆመው።

ካምፓላ፣ ኦዊኖ ገበያ ውስጥ ነን፣ የሰልባጅ መጋረጃ የተከመረበት ቦታ። ለፎቶ ጀርባ የሚሆን ጨርቅ እየመረጥኩ ነበር። ሰው ከፊትም ከኋላም ይገፋናል፣ እሳቸው ግን ድምፃቸውን ዝቅ አላደረጉም። አቶ ወንድሙ የካባላጋላ ሐበሻ ሽማግሌ ናቸው፤ ሰው ሲጣላ ያስታርቃሉ፣ ሲሞት ድንኳን ያስተክላሉ። ዝግ ብሎ መናገር አልፈጠረባቸውም።

«ማን?» አልኳቸው። ማሾፌ አልነበረም። ጋሽ ተፈራ ሞቶ፣ ተቀብሮ፣ ተዝካሩ ሊደርስ ነው ለካ፤ ለእኔ የነገረኝ የለም። ስኳሩ ጣለው አሉ። ሆስፒታል እንደገባ አልወጣም አሉ። ነፍስ ይማር አልኩና ጨርቄን ወደ ብርሃን ዘረጋሁት። እንባ ጠበቁ መሰለኝ፣ ትንሽ ቆሙ። እንባው አልመጣ ሲላቸው ራሳቸውን ነቅንቀው ሄዱ።

ከዚያ ወዲህ ግን ሰውየው ከጭንቅላቴ አልወጣ አለኝ። የማይረሳ ሰው ሲባል ሁሉም ደግ አስተማሪውን፣ ደግ ጎረቤቱን ነው የሚጽፈው። የእኔ ደግ አልነበረም። በቁሙ «እርስዎ» እያልኩት ኖሬያለሁ፤ እዚህ «እሱ» ነው የምለው፣ የፈለገ ይቀየመኝ።

ጋሽ ተፈራ ካባላጋላ ውስጥ፣ በሥጋ ቤትና በስልክ ጠጋኝ መሐል፣ ፎቶ ቤት ነበረው። መስኮቱ ላይ የለጠፋቸው ሙሽሮች ፀሐይ በልቷቸው ሰማያዊ ሆነዋል። ግማሾቹ እንደተፋቱ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ እሱ ግን አላወረዳቸውም። «እኔ ያነሳሁት ሠርጉን ነው፣ ትዳሩን አይደለም» ይላል። ረጅም ነው፣ ቀጭን ነው፣ በዚያ ሙቀት ኮት ይለብሳል። የክብሪት እንጨት በጥርሱ ነክሶ ነው የሚያወራው። ፒያሳ ፎቶ ቤት ተቀጥሮ አድጎ፣ ካሜራውን በጋቢ ጠቅልሎ በናይሮቢ በኩል የገባ ሰው ነው። ካምፓላ ውስጥ ያገባ፣ ክርስትና ያስነሳ፣ የሞተ ሐበሻ ሁሉ በእሱ እጅ አልፏል።

ደንበኛ ሲቀመጥ ፈቃድ አይጠይቅም። ባለሀብትም ይሁን ዘበኛ፣ በሁለት ጣቱ አገጩን ይዞ ወደሚፈልገው ያዞረዋል። ከዚያ «አትተንፍስ» ይላል። ሰውም አይተነፍስም። አንዲት ሴትዮ ተንፍሺ ማለቱን ረስቶባት፣ ፊቷ እስኪለዋወጥ ትንፋሿን ይዛ ስትቀመጥ በዓይኔ አይቻለሁ።

እኔ አስራ ሁለተኛን ጨርሼ፣ ውጤቴ የትም የማያስገባ ሆኖ፣ አክስቴ ዘንድ የመጣሁ ልጅ ነኝ። አዲስ አበባ ኢንተርኔት ቤት ስሠራ ፎቶ ማስተካከል ለምጃለሁ። ያኔ ጋሽ ተፈራ ወዶ ሳይሆን ተገዶ ዲጂታል ካሜራ የገዛበት ሰሞን ነው፤ ፊልም ያጥብለት የነበረው የመጨረሻው ቤት ማሽኑን ነቅሎ የስልክ ሽፋን መሸጫ ሆኖ ነበር።

«ምን ታውቂያለሽ?» አለኝ።

«ኤዲት።»

«ኤዲት ማለት?»

ፊት ማጥራት፣ ጀርባ መቀየር፣ ወፍራሙን ማቅጠን አልኩት።

«መዋሸት ማለትሽ ነው» አለ። «ደህና። አንድ ውሸታም ያስፈልገኛል። ነገ ነይ።»

ቦታዬ ድሮ ፊልም ይታጠብባት የነበረችው ጨለማ ክፍል ሆነች። መስኮት የላትም። የኬሚካሉ ሽታ ግድግዳው ውስጥ ገብቶ ቀርቷል፤ ልብሴ ሁሉ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይል ነበር። ስም አወጣላት፣ «ውሸት ክፍል» ብሎ። አንዲት ደንበኛ ትንሽ ቀላ አድርጉኝ ካለች «ወደ ውሸት ክፍል ይለፉ» ይላታል። ሴትየዋ ትስቃለች። እሱ አይስቅም።

ዲጂታል ካሜራ ከጀርባው ያነሳችሁትን ወዲያው የምታዩበት ትንሽ ስክሪን እንዳለው ታውቃላችሁ። ጋሽ ተፈራ እሱን ኤሌክትሪክ ሠራተኞች በሚጠቀሙበት ጥቁር ፕላስተር ሸፍኖታል። ድፍን አድርጎ። ደንበኛ ከወንበሩ ዘሎ እስቲ ልየው ሲል ጥቁሩን ፕላስተር ያሳየዋል። «ሐሙስ ና፣ ታየዋለህ።» በፊልም ጊዜ እንደዚያ ነበራ። ሰው ተነስቶ ይሄድና ምን መስዬ ይሆን እያለ ሰንብቶ ይመጣል። አሁን ማን ይጠብቃል? ብዙዎቹ እዚያው ወንበሩ ላይ እንዳሉ ስልካቸውን አውጥተው፣ በእሱ መብራት፣ በእሱ መጋረጃ ፊት ራሳቸውን አንስተው ይሄዳሉ።

አውራ ጣቱም አልተማረም ነበር። አንድ ፎቶ ባነሳ ቁጥር በድሮው ካሜራ ፊልም የሚያዞረውን ነገር ይፈልጋል፤ የለም፤ ጣቱ አየሩን ጎተት አድርጎ ይመለሳል። ሠርግ ላይ እኔ ሜሞሪ እስኪሞላ ስተኩስ እሱ ጥቂት አንስቶ ያቆማል። ለምን አቆሙ ስለው «አልቋል» ይላል። ምኑ ነው ያለቀው? ፊልም የለው። ማታ እኔ ያነሳሁትን መዓት ቁጭ ብዬ ስመርጥ ሲያየኝ «በወንፊት ዝናብ ትይዣለሽ» ይለኛል።

እኔ ግትርነት ነው የምለው። ግን አንድ ነገር አልክድም። ፕላስተሩ ስላለ ዓይኑ ከሰውየው ላይ አይነሳም ነበር። እኔ አንስቼ ስክሪኔን ሳይ እሱ ሰውየውን ያያል፤ ሰው ደግሞ ፎቶው አለቀ ብሎ ሲላላ ነው ራሱን የሚሆነው። እዚያች ላይ ጠቅ ያደርጋታል። «መጀመሪያ እጁን እይ» ይለኝ ነበር። «ፊት ተለማምዷል፤ እጅ ገና አልተለማመደም።» ዛሬም መጀመሪያ የማየው እጅ ነው። ይህን ከሰጠኝ በኋላ ነው ሌላውን ሁሉ የወሰደብኝ።

ጎረቤታችን ስልክ ጠጋኙ ሙካሳ ሥራ ሲያጣ መጥቶ ይነካካው ነበር። አንድ ቀን አዲስ ስልክ ይዞ መጣና «ሙዜ፣ ይቺ ካንተ ካሜራ ትበልጣለች» አለው። ሙዜ ማለት ሽማግሌው ማለት ነው፣ በአክብሮትም በሹፈትም ይሆናል። ጋሽ ተፈራ ስልኩን ተቀብሎ አገላብጦ አየ። ስትሰበር ማን ይጠግናታል አለው። እኔ አለ ሙካሳ።

«ዓይንህ ሲሰበርስ?»

ሙካሳ ስቆ ሄደ። ይህንን ሲናገሩለት ዛሬም ሰው ይስቃል። እኔ ግን ያን ቀን አንድም ደንበኛ እንዳልገባ አስታውሳለሁ፤ ሙካሳ ቤት ግን ሰው ወረፋ ይዞ ነበር።

እውነት እውነት ማለት ይወዳል። አንድ ሙሽራ ልጅ መጣ፤ አባቱ ከሠርጉ በፊት ሞተውበታል፤ በቤተሰብ ፎቶው ውስጥ ከእናቱ ጎን አስገቡልኝ አለ። አስገባሁለት። የድሮ ፎቷቸውን ወስጄ፣ ሱፍ አልብሼ፣ ጥላቸውን ሳይቀር ሠርቼ። ልጁ ሲያየው አለቀሰ፤ ደስ ብሎት ነው ያለቀሰው። ጋሽ ተፈራ ከኋላችን መጥቶ ቆመ።

«አባትህ አልመጡም ነበር» አለው። «እኔ እዚያ ነበርኩ። አላየኋቸውም።»

ልጁ ፎቶውን ይዞ ወጣ። ምን አደረገዎት ልለው ፈልጌ አፌ ላይ ቀረ። ያኔ ገና እፈራው ነበር።

የሌላ ሠርግ ደግሞ ይኸውላችሁ። ቀለበት ሲደረግ ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ተነስቶ ስልኩን ወደ ላይ አደረገ፣ ሚዜው ሳይቀር። ጋሽ ተፈራ ከኋላ ቀረ። ድሮ እሱ ዞር በሉ ሲል ሰው ዞር ይል ነበር፤ ከቄሱ ቀጥሎ የሚከበረው እሱ ነበር። ያን ቀንም ዞር በሉ አለ። የሰማው የለም። ሁለተኛ አላለም፤ ያየውን አነሳ። አልበሙ ሲደርስ ሙሽራዋ ከባሏ ጋር መጥታ ገለጠችው። የቀለበቱ ገጽ ላይ ያለው ጀርባ ነው። ጀርባ፣ ጸጉር፣ የተዘረጋ ክንድ፣ የሚያበራ ስልክ። ቀለበት የለም፣ ሙሽራ የለም።

«ይሄ ምንድነው?» አለች።

«ሠርግሽ» አላት።

አለቀሰች። ባሏ ሊመታው ምንም አልቀረው። እኔ ደግሞ ያን ቀን ከቄሱ እግር ሥር ተንበርክኬ በሁለተኛው ካሜራ ቀለበቱን አንስቼዋለሁ፤ ጥርት ብሎ፣ የጥፍሯ ቀለም እስኪታይ። ጋሽ ተፈራም አይቶታል። አልበሙ ውስጥ አላስገባውም። «በእኔ ሥራ ላይ የማንም እጅ አይገባም» ነው ያለኝ። ሲወጡ በሩ ላይ ተከትዬ ለሙሽራዋ በስልኳ ላክሁላት። ከዚያ በኋላ ሠርግ ያለው ሰው ሲደውል «ልጅቷን» ማለት ጀመረ። ጋሽ ተፈራ ይህንንም ሰማ። መስማቱን ያወቅኩት ክብሪቱን ከአፉ አውጥቶ ስለሰበረው ነው።

ሥራው እየቀዘቀዘ ሄደ። ጉርድ ፎቶ እንኳ ቀረ፤ ተማሪው ግድግዳ ተደግፎ በስልኩ ይነሳል፣ ስልኩ ራሱ ጀርባውን ያነጣለታል። እኔ ትንሽ ማተሚያ በቦርሳዬ አዝዬ በምረቃ ሰሞን ማኬሬሬ ዩኒቨርሲቲ መውጣት ጀመርኩ። ተመራቂው ጋዋኑን ሳያወልቅ ሣሩ ላይ አንስቼ፣ እዚያው አትሜ፣ ሶፍት ኮፒውን ደግሞ በስልኩ እልክለታለሁ። የፎቶ ቤቱ ኪራይ የሚከፈለው ከዚያ ነበር። ጋሽ ተፈራ ግን ሮሌክስ ሻጭ አለኝ። ሮሌክስ መንገድ ዳር በቻፓቲ የሚጠቀለለው እንቁላል ነው።

«ሰበርሽ፣ ጠቀለልሽ፣ ሰጠሽ» አለ። «ማን በላው፣ ምን ምን አለው፣ አታውቂም።»

«ሮሌክስ ሻጩ ግን ደንበኛ አለው» አልኩት።

ክብሪቱን ወደ ሌላው ጥርሱ አዙሮ ወጣ።

መስኮቱ ላይ ቴሌቪዥን እንስቀል ያልኩት እኔ ነኝ። እነዚያ ሰማያዊ ሙሽሮች ይውረዱና መንገደኛው አዲሱን ሥራችንን ይይ አልኩ። ኮምፒውተሩ ላይ አንድ ፎልደር አዘጋጀሁ፤ እዚያ ውስጥ የገባ ፎቶ ሁሉ ተራ በተራ በራሱ ጊዜ መስኮቱ ላይ ይወጣል። ጋሽ ተፈራ «የሥጋ ቤቱ መስኮት ይሻላል፤ እዚያ የተሰቀለው ቢያንስ አይገላበጥም» አለ። ግን አልከለከለኝም። ሰው መቆም ጀመረ፣ መግባትም ጀመረ። ለሚጠይቀው ሁሉ «እኔ ኮምፒውተር አልነካም፣ እሷን ጠይቁ» ይል ነበር። ሰው የጾመውን ጾም እንደሚያወራው፣ በኩራት ነው የሚናገረው።

ውሸቱን ነው። ጠዋት ስገባ ወንበሬ ወደ ኋላ ተገፍቶ አገኘዋለሁ፣ ረጅም እግር ያለው ሰው እንደተቀመጠበት። ማውሱ በግራ በኩል ተቀምጧል። ጋሽ ተፈራ ግራኝ ነው። አንድ ቀን ደግሞ ሳይሰርዘው የረሳው ፎቶ አገኘሁ። የራሱ ፎቶ ነው፤ ከዓይኑ ሥር ያለውን ሽብሽብ ላጥፋ ብሎ ሲታገል ግማሽ ጉንጩን ደምስሶታል። እኔ ሳልመጣ ውሸት ክፍል እየገባ መዋሸት እየተማረ ነው ማለት ነው። ሳቄን ይዤ ዘጋሁት። ከሮሌክስ ሻጭ መማር አፍሮ ነው፣ ይልመድ አልኩ። ወንበሬን ወደ ፊት፣ ማውሱን ወደ ቀኝ። እሱም አይናገር፣ እኔም አልናገር፣ እንዲህ ከረምን።

እትዬ ፀሐይ ከፎቶ ቤቱ ወረድ ብሎ ምግብ ቤት አላት። ደብረ ብርሃን ያሉ እናቷ ዐረፉ። ወንድሟ የደወለው ለእሷ አይደለም፣ እንደ ወጉ ለአቶ ወንድሙ ነው። መርዶ እንዴት እንደሚነገር የሚያውቅ ያውቀዋል። ሰው መንገድ ላይ፣ ብቻውን፣ ድንገት አይነገረውም። በማግሥቱ ጎሕ ሲቀድ ወዳጅ ተሰብስቦ፣ በግራ በቀኝ የሚይዛት ሰው ተዘጋጅቶ፣ ቤቷ ድረስ ሄዶ ሊነግራት ተስማሙ። የሰሙት ሁሉ ያን ቀን ምንም እንዳልሰሙ ሆነው፣ እየሳቁላት ሽሮዋን በሉ። ለለቅሶ ቤቱ የሚቀመጥ ፎቶ ያስፈልግ ነበርና አቶ ወንድሙ ወንድሟ የላከውን የእናትየዋን ፎቶ በፍላሽ ይዘው ፎቶ ቤት መጡ። አሳድጉት፣ ጥጉ ላይ ጥቁር ጥብጣብ አድርጉበት፣ ሌሊት ከመሄዳችን በፊት ይድረስ አሉ።

እኔ ማኬሬሬ ነበርኩ፣ ምረቃ ነው። እንዲህ ያለ ሥራ ሲመጣ ይደውልልኝ ነበር፤ ያን ቀን አልደወለም። ለአቶ ወንድሙ «ልጅቷ ትሠራዋለች» ብሎ ሸኛቸውና ራሱ ውሸት ክፍል ገባ። ሠራው። ጥሩ አድርጎ ነው የሠራው፣ ይህን እናገራለሁ፤ ጥብጣቡ በልኩ ነው፣ የነጠላቸው ጥለት እንኳ አልተበላሸም። ከዚያ ፎቶውን ሲያስቀምጥ የመስኮቱ ፎልደር ውስጥ አስቀመጠው።

እትዬ ፀሐይ ያን ከሰዓት ከኦዊኖ ሽንኩርት ገዝታ በቦዳ፣ በኪራይ ሞተር፣ እየተመለሰች ነበር። መንገዱ ተጨናንቆ ሞተሩ ልክ በእኛ መስኮት ፊት ቆመ። መስኮቱ ላይ አንዲት ሙሽራ ወጣች። ከዚያ ጋዋን የለበሰ ተመራቂ። ከዚያ እናቷ፣ ከነጥቁር ጥብጣባቸው።

በታክሲ ስደርስ ሰው መንገዱን ዘግቶታል። እትዬ ፀሐይ አስፋልቱ ላይ ተቀምጣ ደረቷን ትመታለች። ሽንኩርቱ ተበትኗል። ባለ ቦዳው «ኛቦ፣ ኛቦ» ይላታል፣ እመቤቴ ማለቱ ነው፤ ምን እንደነካት አልገባውም፣ ሽንኩርት ይለቅማል። መስኮቱ ደግሞ አይቆምም። ሙሽራ፣ ተመራቂ፣ እናቷ። ሙሽራ፣ ተመራቂ፣ እናቷ። እናቷ ሲያልፉ ጩኸቷ ዝቅ ይላል፣ ሲመለሱ ይነሳል።

ካሜራዬን በትከሻዬ እንዳንጠለጠልኩ ሮጬ ገባሁና ቴሌቪዥኑን ከሶኬቱ ነቀልኩት። ከሁሉም በላይ ሰው ያየው ያችን ነው፤ ጥፋቷን ልትደብቅ ሮጠች አሉ። አቶ ወንድሙ ከኋላዬ ገቡ፣ ማነው ይህን ያደረገው አሉ። ጋሽ ተፈራ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። በአገጩ ወደ እኔ አመለከተ።

«እሷን ጠይቃት። እኔ ኮምፒውተር አልነካም።»

አሁን ገና መግባቴ ነው አልኩ። ከጠዋት ጀምሮ ማኬሬሬ ነበርኩ፣ ስለ ሴትየዋ መሞትም ገና አሁን ሰማሁ አልኩ። እርስዎ ይንገሯቸው እንጂ አልኩት። እሱ የጠፋውን ቴሌቪዥን ያያል። ድሮ ቢሆን እዚያ ያልነበረ ሰው አልነበረም ይባል ነበር። አቶ ወንድሙ ግን ዛሬ ሁሉ ነገር በስልክ ይሠራል፣ ማኬሬሬ ሆነሽም ታስገቢዋለሽ አሉኝ። ጋሽ ተፈራንስ ማን ይጠራጠረዋል? ዕድሜ ልኩን ሲለው የኖረውን ነው ያለው።

ስልኬ ጸጥ አለ። ሠርግ የነበረው ሌላ ፎቶ አንሺ ጠራ፣ ክርስትና የነበረው ዘመድ ያነሳልናል አለ። ከሐበሻው ግሩፕ አስወጡኝ። መንገድ ላይ «መርዶ ነጋሪዋ» ሲሉ እሰማለሁ። ካሜራማ ዛሬ በየኪሱ አለ፤ ለደስታው ቀን ሰው የሚጠራው ስምን ነው፤ የእኔ ስም ደግሞ ያ ሆነ። ፎቶ ቤቱም ዳግመኛ አልሄድኩም። ማኬሬሬ ያሉት ተማሪዎች የሐበሻ ወሬ ስለማይሰሙ በእነሱ ነበር የምኖረው።

አንድ ከሰዓት ኪቡሊ ኮረብታ ላይ የተከራየኋት ክፍል ድረስ መጣ። ዳገቱን በእግሩ ነው የወጣው፤ በሩ ላይ ቆሞ እስኪያርፍ ጠበቅኩት። ይግቡ አላልኩትም። ሙሽራ ሁሉ ሶፍት ኮፒ እያለ እንደሚጨቀጭቀው፣ ቴሌቪዥኑ ከዚያ ቀን ወዲህ እንዳልበራ ነገረኝ። ተመለሽ ማለቱ ነው። ተመለሽ ግን አይልም።

«መጀመሪያ ለእትዬ ፀሐይ ይንገሯት» አልኩት። «ሰው በተሰበሰበበት፣ እኔ ነኝ ይበሏት። ከዚያ እመለሳለሁ።»

«ዕድሜዬን ሙሉ ስሰድበው የኖርኩትን ነገር ተደብቄ ስነካ ተያዝኩ ልበል?»

«አዎ። እሱን ይበሉ።»

«ይስቁብኛል።»

«እኔን እየረገሙኝ ነው» አልኩት።

ክብሪቱን ከአፉ አወጣ። መሬት መሬቱን አየ። ሽማግሌ ሰው በር ላይ አቁሜ እንዲህ መናገሬ ለራሴም ይከብደኝ ነበር፣ ግን አልለሰለስኩም።

«እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ነይ» አለ። «ወንድሙ ሰው እንዲሰበስብ እነግረዋለሁ። እላለሁ።»

አመንኩት። ይህ ሰው ለሙሽራ ልጅ አባትህ አልመጡም ያለ ሰው ነው። ፊት አይቶ አይናገርም። እሁድ ጠዋት ነጭ ልብሴን ለብሼ ሄድኩ።

የተሰበሰብነው እትዬ ፀሐይ ምግብ ቤት ፎቅ ላይ ነው። ወንበሩ ዙሪያውን ተደርድሯል። እትዬ ፀሐይ ጥቁሯን አላወለቀችም፤ ስገባ አላየችኝም። አቶ ወንድሙ ጸሎት አድርሰው ንግግር ጀመሩ። ስለ ስደት ተናገሩ፣ ስለ መተሳሰብ ተናገሩ፣ ረዘመ። ፎቶው የትና መቼ እንደተሠራ፣ ኮምፒውተሩ ራሱ የመዘገበውን፣ ቴሌቪዥኑን የነቀልኩ ዕለት በስልኬ አንስቼ ይዤው ነበር። ላሳያቸው ስል በእጃቸው ገፉት። በሽምግልና ማሽን አይመሰክርም፣ ሰው ነው የሚመሰክር፣ ተፈራ ይናገር አሉ። ጥሩ አልኩ። እኔም የመጣሁት ለዚያው ነው።

ጋሽ ተፈራ ተነሳ። የኮቱን ቁልፍ ቆለፈ። የተቀመጠውን ሰው አንድ በአንድ አየ፤ መጨረሻ ላይ እኔ ጋ ደረሰ። ዓይኑን አልሰበረም።

«እኔ ሽማግሌ ነኝ» አለ። «ቂም ይዤ መሞት አልፈልግም። ይህች ልጅ እጄ ላይ ነው ያደገችው። ልጅ ትቸኩላለች፣ ትሳሳታለች፤ ዘመኑ የችኮላ ነው። እኔ ይቅር ብያታለሁ። ፀሐይም ይቅር እንድትላት እግሯ ላይ ወድቄ እለምናለሁ።»

ሊወድቅም ጎንበስ አለ። ሰው ኧረ ይተው፣ ኧረ ነውር ነው እያለ ተሯሩጦ ያዘው። አንዲት ሴት ጥግ ላይ አለቀሰች፣ ለእሱ። እትዬ ፀሐይ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠርጋ፣ ለእርስዎ ስል ይቅር ብያታለሁ አለች። አቶ ወንድሙ ወደ እኔ ዞሩ። ተነሺ፣ ጉልበቱን ሳሚ አሉኝ።

ተነሳሁ። የሄድኩት ግን እትዬ ፀሐይ ዘንድ ነው።

«እኔ አይደለሁም» አልኳት። «ፎቶውን የሠራውም መስኮቱ ላይ ያወጣውም እሱ ነው። ይኸው ቆሟል፣ ጠይቂው።»

ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ አየችኝ።

«እናቴ ሞታለች» አለች። «አንቺ ስለ ኮምፒውተር ታወሪኛለሽ።»

ወደ እሱ ዞርኩ። ሁለት ሰዎች በክንዱ ይዘውታል።

«አንዲት ቃል» አልኩት። «አንዲት ቃል ብቻ ይበሉ።»

«ተይው ልጄ» አለ። «አልፏል።»

ቦርሳዬን ከወንበሩ ሥር አነሳሁ። አቶ ወንድሙ በሩ ላይ ክንዳቸውን ዘርግተው ቆሙ፤ በክንዳቸው ሥር ጎንበስ ብዬ አለፍኩ። ከኋላዬ ስሜን ይጠራሉ። ደረጃውን ወረድኩ። ታች ሁለት ሴቶች ማቶኬ፣ ለወጥ የሚሆነውን ጥሬ ሙዝ፣ ይልጣሉ፤ አንዷ እግሯን ሰብስባ አሳለፈችኝ። መንገዱ ዳር አንድ ቦዳ ቆሟል፤ ወዴት ነው አለኝ። ኪቡሊ አልኩትና ከኋላው ወጣሁ።